የሁላችንም እኩል ማርክ

መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ጠባብ የሴቶች ፀጉር ቤት ሽበቴን ላስደብቅ ተቀምጬ፣ ልጅቷ የቀለሙን ቱቦ ስትከፍተው የአሞንያው ሽታ አፍንጫዬን ሰንጥቆ ገባና ዓይኔ እንባ ሞላ። ልጅቷ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ መስኮቱንም ከፈተችልኝ። እኔ ግን ያን ሽታ እሷ ሳትወለድ ነው የማውቀው። የኬሚስትሪ ክፍላችን ሽታ ነው፤ ከጓደኛዬ ከለታይ ጎን ቆሜ የመቀሌን ውሃ በጠብታ እለካ የነበረበት ክፍል። አሁን አሁን ማስታወስም ያደክመኛል፤ ግን ቀለሙ እስኪይዝ መቀመጥ ግድ ነውና ተቀመጥኩ።

አባቴ ከወሎ መጥቶ መቀሌ ገበያ ውስጥ ልብስ የሚሸጥ ሰው ነበር። ሰሜን ክፍለ ከተማ ውስጥ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ በውጭ አገር የሚታወቅ ዲፕሎማ ይሰጣል፣ ጎበዝ ተማሪ ደግሞ በነጻ ይቀበላል ሲባል፣ እኔና የጎረቤታችን ልጅ ለታይ ተፈትነን ገባን። ለታይ በትግርኛ ትጀምራለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ መሃል ላይ የሆነ ቦታ እንገናኛለን፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እንደዚያው ነበርን። ትምህርቱ ስድስት ዓይነት ሲሆን፣ ሦስቱን በከፍተኛ ደረጃ፣ ሦስቱን በመደበኛ ደረጃ እንድንወስድ መረጥን። አባቴ ይህን ሲሰማ ሦስቱን ከፍተኛ ለገበያው ሁሉ አወራ፤ የቀሩትን ሦስቱን ግን ዝቅተኛ ማለት መስሎት ለማንም ትንፍሽ አላለም። ማርኩ የሚሰጠው ከሰባት ነበር። ስድስት አገኘሁ ብዬ ደስ እያለኝ ስነግረው፣ ከመቶ ቆጥሮት ኖሮ ምን ሆነሽ ነው ብሎ እናቴን ጠርቷት ያውቃል።

ለታይ ሐኪም መሆን ነበር የምትፈልገው። እናቷ አስም ነበረባቸውና ክረምት በመጣ ቁጥር ትንፋሻቸውን እያዳመጠች ያደገች ልጅ ናት፤ ሐኪም እሆናለሁ ስትል የልጅ ወግ አልነበረም። አንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ወጪዋን ሸፍኖ ሊቀበላት ፈቅዶ ነበር፤ በአንድ ሁኔታ ብቻ፣ በከፍተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ ስድስት ካመጣች። ከዚያ ማርክ ትልቁ ድርሻ ከመጨረሻው ፈተና ይመጣል፤ የቀረው ግን እያንዳንዱ ተማሪ ራሱ ጥያቄ አውጥቶ ከሚሠራው ጥናት ነው፣ እሱንም የሚያርመው የራሳችን መምህር ነው።

ለታይ የመረጠችው የውሃችንን ጨዋማነትና ጠጣርነት ነበር፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀረውን ያንኑ ውሃ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ እስካለው ዓይናለም ድረስ በእግሯ ወርዳ ከውሃ ጉድጓዶቹ ትቀዳለች፣ ከየሰፈሩ ቧንቧ ትቀዳለች፣ ጠርሙሶቹን በፌስታል አንጠልጥላ አቧራ ለብሳ ትመጣለች። የጉድጓዱ ጥበቃ መጀመሪያ ሲያዩዋት ውሃ ልትመርዝ የመጣች መስሏቸው አባረዋት ነበር፤ በኋላ ግን ወንበር ያወጡላት ጀመር። ክፍል ውስጥ አሞንያ የሚሸተውን ፈሳሽ ጨምራ፣ የወይን ጠጅ የመሰለው ውሃ ወደ ሰማያዊ እስኪለወጥ በጠብታ በጠብታ ትጠብቃለች፤ አንዷ ጠብታ ከበዛችባት ደፍታ እንደገና ትጀምራለች። እኔ የቤታችንን ውሃ ከመፍላቱ በፊትና ከፈላ በኋላ ለካሁና በጊዜ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የክፍሉ ልጆች አብዛኞቻችን እንደዚሁ ነበርን።

መምህር ገብረመድህን፣ የኬሚስትሪ አስተማሪያችን፣ ጋዋናቸው ከጉልበታቸው በላይ የቀረባቸው ረጅምና ለስላሳ ሰው ነበሩ። ትምህርታቸውን አሳምረው ያውቃሉ፤ የሚያሸንፋቸው ይሉኝታ ነው። ከአባቴ ልብስ ይገዛሉ፣ ከአንዱ ተማሪ አባት ጋር ይጦማሉ፣ ከሌላው አጎት ጋር ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እንዲህ ተሳስሮ የሚኖር ሰው የማንን ልጅ ያሳንሳል? የትምህርት ቤቱ አስተባባሪ፣ ከአዲስ አበባ የመጣች ጥንቁቅ ሴት፣ ደጋግማ አስጠንቅቃቸው ነበር፦ ከክፍሉ የጥቂት ልጆች ሥራ ተመርጦ ወደ ውጭ ይላካል፣ እዚያ ሌላ ሰው እንደገና ያርመዋል፣ መምህሩ ከልክ በላይ ሰጥቶ ከተገኘ ሥራው የተላከውም ያልተላከውም ማርኩ አብሮ ይወርዳል። እሳቸውም በአክብሮት ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጧት። ከዚያ ለሁላችንም አንድ ዓይነት፣ ከሙሉው ብዙም ያልራቀ ማርክ ሰጡን።

ማርኩን የነገሩን ቀን ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ለታይ ብቻ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ሳታጨበጭብ ቀረች። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ እኛ ስንልስ ነበር። መምህር አለማጨብጨቧን አይተው ወደሷ ጎንበስ አሉና ቀስ ብለው፣ «ደቀይ፣ ልጆቼ፣ ሁላችሁ ደክማችኋል፤ እኔ ማንን ከማን አሳንሳለሁ?» አሏት።

ውጤቱ የመጣው በክረምት ነው። አስተባባሪዋ እኔንና ለታይን ቢሮዋ አስገብታ በሩን ዘጋች። የተላከው የሌሎች ልጆች ሥራ ነበር፤ የኔም አንዱ ነው። ከተሰጠው በጣም ያነሰ ሆኖ ስለተገኘ የክፍሉ ሁሉ ማርክ ወረደ፣ ሁላችንም እኩል ስለነበርን የለታይን ከኛ የሚለየው ነገር አልተገኘም። በመጨረሻው ፈተና ከሁላችን በላይ ሠርታ ነበር፤ ተደምሮ ግን ስድስት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አምስት ላይ ቆመ። ዩኒቨርሲቲው አልጠበቃትም። አስተባባሪዋ ይግባኝም ሞከረች፣ አልሆነም፤ ለመምህር ራሴ እነግራቸዋለሁ አለችን፣ ግን እሷንም ይሉኝታ ይዟት ሳትነግራቸው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች።

መምህር በሳምንቱ ትምህርት ስለጨረስን እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉ ለታይ ቤት መጡ። እኔም ነበርኩ። ለታይ አምስት ማምጣቷን እንጂ ምክንያቱን አልሰሙም፤ በፈተናው ወረቀት የተማረሩ መስለው፣ ዘንድሮ ከባድ ሳያደርጉት አልቀረም አሉ፤ ቆየት ብለው ግን ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ፣ «ጓለይ፣ ልጄ፣ ከኔ የጎደለ ነገር ነበር?» ብለው ጠየቋት። እናቷ ከጓዳ ብቅ ብለው ቆሙ። ለታይ ቀና ብላ አየቻቸው።

«የለም መምህር» አለች። «የሚገባኝን ነው ያገኘሁት።»

እሳቸውም አመኗት። ቀለል ብሏቸው ሲወጡ አይቻለሁ፤ በዚያ ቀን በሳቸውም በሷም ተናድጄ ነበር።

ለታይ እዚሁ ፋርማሲ አጠናች፤ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ መድኃኒት ቤት አላት። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ በጦርነቱ ጊዜ ተፈናቃዮች ተጠልለውበት ነበር፣ አሁን ምን እንዳለበት አላውቅም። መምህር የደም ግፊት ነበረባቸው። መድኃኒት ከከተማው በጠፋበት ዘመን፣ ለታይ የቀራትን ሁሉ ለሳቸው እያስቀመጠች ሰጠቻቸው፤ ያም ሲያልቅ ብዙ አልቆዩም። ለቅሷቸው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ አንድ ቀን እንኳ እውነቱን ብትነግሪያቸው ምን ነበረበት አልኳት። ለብዙ ዓመት ይዤው የኖርኩት ጥያቄ ነበር።

«የሳቸውን ማርክ ብቀንስባቸው የኔ ይጨምር ነበር እንዴ፣ ሓፍተይ?» አለችኝ እንደ እህት፤ ነጠላዋንም ወደ ፊቷ ሳበች።

እኔ ግን እንደሷ መሆን አልቻልኩም። ያ ሁሉ ሕመምተኛ ሐኪም ባጣበት ጊዜ እሷ ልትሆን የነበረውን ሐኪም አስቤአለሁ፤ የሚያሳዝነኝም ክፉ ሰው ያደረሰው ጥፋት አለመሆኑ ነው፣ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምረግመው ሰው ይኖረኝ ነበር። አንዳንድ ጊዜ መድኃኒት ቤቷ ጎራ ስል ነጭ ጋዋን ለብሳ ከመደርደሪያው ኋላ ቆማ አገኛታለሁ። ከገጠር የሚመጡ እናቶች ዶክተር ነው የሚሏት። ድሮ ፈገግ ብላ፣ ዶክተር አይደለሁም አደይ፣ መድኃኒት ብቻ ነው የምሸጠው እያለች አንድ በአንድ ታርማቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት አንዲት አሮጊት ዶክተር ብለው የሚያማቸውን ሁሉ ሲነግሯት ቆሜ ሰማሁ፤ አዳመጠቻቸው፣ መድኃኒቱን በወረቀት ጠቀለለችላቸው፣ ምንም አላረመቻቸውም።