ልጄ የትም አትሄድም

ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። የዓለምን አገሮች ከነዋና ከተማቸው፣ ከነወንዛቸው በቃሌ እዘረዝራለሁ። በእግሬ የረገጥሁት ሩቅ አገር ግን አዲስ አበባ ነው፤ እሱንም ዓይኔን ልታከም ሄጄ በፋሻ ተሸፍኜ ስለተመለስሁ፣ አየሁት ለማለት ይከብደኛል። ልጄን ከነቤተሰቧ ወደ ባሕር ማዶ የመሸኘት ነገር የተጣለው እንዲህ ባለው ሰው ላይ ነበር።

ልጄ ደባርቅ ታስተምር ነበር። ባሏ እዚያው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ተኩስ በተሰማ ቁጥር ልጅቱን አልጋ ሥር ይከቷታል። ትምህርት ቤቷም ስለተዘጋ እናቷ እዚያው አጠገቧ በደረቷ ተኝታ ታስተምራታለች። "ልጄ ፊደል የቆጠረችው አልጋ ሥር ነው" ትል ነበር፤ እንደ ቀልድ ነው የምትለው፣ የሚስቅ ግን አልነበረም።

በዚህ መሐል ውጭ አገር ካለ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ሙሉ ወጪዋ ተሸፍኖ ተቀበሏት። ከሁሉ የሚበልጠው፣ የዚያ አገር ሕግ ተማሪ ባሏንና ልጇን ይዛ እንድትገባ መፍቀዱ ነበር። ስልክ ደውላ የነገረችኝ ዕለት፣ "አባባ፣ ወይ ሦስታችን፣ ወይ ማናችንም" አለችኝ።

በእኛ ዘንድ ቪዛ ያስገባ ሰው አፉን ይዘጋል። አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ ቀበቶውን እስኪያስር ድረስ ለጎረቤት አይናገርም፤ ከተናገረ ዓይን ይገባበታል። እኔ የተማርሁ ሰው ነኝ፣ ዓይን የሚባለውን አላምንም። በልጄ ቪዛ ልሞክረው ግን አልደፈርሁም።

ስለዚህ ሰበብ አስፈለገ። ሥራ ለቅቀው፣ ግማሹን ዕቃ ሸጠው፣ ግማሹን በአይሱዙ ጭነው ጎንደር እኔ ቤት ሲገቡ ሰው ምን ይላል? ሰበቡን ያመጣሁት እኔው ነኝ።

"አባቴ ታሟል፣ ላስታምመው ነው በይ።"

"አባባ፣ በራስህ ላይ አታሟርት።"

"እኔ በዚህ ዕድሜ ብታመም ማንን ይደንቀዋል? ባልታመም ነው የሚደንቀው።"

ማኪናቸው ኮሶዬ ላይ ለፍተሻ ቆሞ ፍራሽ ሳይቀር ተፈትቶ ሲታይ፣ የልጅ ልጄ ከጋቢናው አንገቷን አውጥታ "አያቴ ታሟል፣ እኛ የትም አንሄድም" አለቻቸው አሉ። ፈታሾቹም "እግዜር ይማረው" ብለው አሳለፏቸው። ይህን ስሰማ በጣም ኮራሁ። የውሸት በሽታዬ የመንገድ ፈቃድ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታመምሁ። ከዘራ ያዝሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በግራ እግሬ አነክሳለሁ፣ ስመለስ ረስቼው በቀኝ። አጥር የምንጋራት ባልቴት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሽምብራ ስትለቅም ታየኛለች።

"አያ፣ ምነው? ሲሄዱ ግራው አልነበር?"

"ሕመሙ ይዞራል።"

"እግዜር ይማርዎ። ልጅዎ መምጣቷ ሸጋ ሆነ። ትቆያለች?"

"እስክሞት ድረስ።"

"እንግዲያማ ገና ብዙ ትቆያለች" ብላ ወደ ሽምብራዋ ተመለሰች።

ይህች ሴት አዲስ አበባ የእህት ልጅ አለቻት፤ ሥራዋ ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ ስልክ መደወልና ማንሣት ነው። የሰፈራችንን ወሬ ከእኛ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት ይባላል። እኔም ይህን ልብ ብዬ ነበር። ወሬ የሚያወጣብን ቢኖር በዚያ በኩል ነው ብዬ በዚያ በኩል በሬን ዘጋሁ።

እውነቱን ለመናገር የበሽተኛ ኑሮ ተመችቶኝ ነበር። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሬዲዮና የእኔ ጉሮሮ ብቻ ነበር። አሁን በሩ ላይ ትንንሽ ጫማ አለ። ልጄ አጥሚት ታፈላልኛለች። አማቼ ማታ ማታ የደም ግፊቴን ይለካል፤ "እንደ ወጣት ነው አባባ" ሲለኝ "ቀስ በል፣ ጎረቤት ይሰማሃል" እለዋለሁ። ልጅቱ ደግሞ ከዘራዬን ፈረስ አድርጋ ግቢውን ትዞራለች፤ በሽተኛው ያለ ከዘራ ተጎልቶ ያያታል።

ቪዛው ለሚጠይቀው አሻራና የደረት ምርመራ አዲስ አበባ ደርሰው መጡ። በእንፍራንዝ በኩል ያለውን መንገድ ስላላመኑት በአውሮፕላን ሄዱ፤ ለሰፈሩ ሰርግ ነው አልን። ሲመለሱ ልጅቱ "ሰርጉ ላይ ደረቴን ፎቶ አነሡኝ" ብላ ለሰው እንዳትናገር ከረሜላ በአፏ ሞላንባት። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ኢንተርኔቱ ሲመጣ ልጄ ስልኳ ላይ ትደፋለች፤ ሲጠፋ አጥሩን ትደገፋለች።

አንድ ረፋድ ላይ ሦስቱም ገበያ ወጥተው ብቻዬን ነበርሁ። ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

"ማን ልበል?"

ለስላሳ የሴት ድምፅ ነው፤ አነጋገሯ የአዲስ አበባ። የልጄን ስም ከነአያቷ ጠርታ አባቷ መሆኔን ጠየቀችኝ። ነኝ አልሁ። "ከቪዛ ማመልከቻዋ ጋር በተያያዘ ነው የምደውለው። ልጅዎ ለትምህርት ወደ ውጭ ልትሄድ ማመልከቷን ያውቃሉ?"

ተከሰተልኝ። የባልቴቷ የእህት ልጅ ናት! አሳቻ ሰዓት ጠብቃ፣ ሽማግሌውን ብቻውን አግኝታ ልታውጣጣ። የሰፈር ወሬኛ የሰው ስም እስከ አያት ድረስ እንደማይጠራ ያሰብሁት ኋላ ነው።

"የምን ውጭ?" አልኋት። "ልጄ የትም አትሄድም።"

"ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብለዋት..."

"የእኔ ልጅ፣ ትምህርትስ በቃኝ ብላለች። የመጣችው እኔን ልታስታምም ነው። እኔ እንደምትሰሚኝ ነኝ" ብዬ ሳልሁ። ሳሉ ሸጋ ሆኖ ስለወጣ ደገምሁት።

"ባለቤቷስ?"

"እሱም እዚሁ ጎንደር ሥራ ሊይዝ ነው።"

 የኮምፒውተር ፊደል ሲመታ ይሰማኛል። "አመሰግናለሁ አባት። እግዚአብሔር ይማርዎ።"

"አሜን" አልኋት።

ምሳ ላይ ታሪኩን ከነሳሉ ተረክሁት። የሷን ድምፅ አቅጥኜ፣ የእኔን አወፍሬ። ልጅቱ ከት ከት ብላ ሳቀች፤ ይበልጥ እንድትስቅ ሳሉን ሦስተኛ ጊዜ ሳልሁላት። ዞር ስል ልጄ የጠቀለለችውን እንጀራ ወደ ሳህኑ መልሳዋለች።

"አባባ፣ ስልክህን ስጠኝ።"

ቁጥሩን አየችው። ለባሏ አሳየችው። እሱ ተነሥቶ ወጣ፤ ግቢው ውስጥ ደጋግሞ ሲደውል ይታየኛል። የሚመልስለት የተቀዳ ድምፅ ብቻ ነበር።

"ደባርቅ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ማመልከቻው ላይ ያስገባሁት ያንተን ቁጥር ነው" አለችኝ። "ነግሬሃለሁ እኮ። ሊደወል ይችላል ብዬሃለሁ።"

እንዳልነገረችኝ እምላለሁ። ግን እኔ ሻዬ ውስጥ ስኳር ጨምሬ፣ መጨመሬን ረስቼ የምደግም ሰው ነኝ። መሐላዬ ምን ያህል ይታመናል?

ኢንተርኔት አለ የተባለበት ሆቴል ሄዳ የሆነውን ሁሉ ጽፋ ላከች። አባቴ የዋሸው ወሬ እንዳይወጣ ብሎ ነው የሚለውን ነገር በእንግሊዝኛ እንዴት እንዳስቀመጠችው አላውቅም። በአማርኛም ቢሆን ለማያውቀን ሰው ይከብዳል። መልሱ ሲመጣ አጭር ነበር፤ ለመማር የምትሄድ መሆንሽን አላመንንም፣ የሰጠሽን መረጃና በስልክ ያረጋገጥነው አይገናኝም ይላል። የሦስቱም ተከለከለ።

ልጄ አልጮኸችም። አጥሚቴን እንደወትሮው አፈላችልኝ፤ የማስመስለው ሕመም አብቅቶ ሳለ ለምን እንደምታፈላው አልጠየቅኋት፣ ጠጣሁት። አማቼ ግን ማታ ግፊቴን እየለካ ዓይኑን ከመሣሪያው ሳያነሣ ጠየቀኝ።

"አባባ፣ ፈልገው ነው?"

ተቆጥቶ አይደለም። ላቦራቶሪ ውስጥ ውጤት እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀኝ።

"ምኑን?"

"ምንም" አለና አየሩን አስተነፈሰው። የዚያን ቀን ግፊቴ ስንት እንደሆነ አልነገረኝም።

ብዙ አሰብሁበት። ወሬኛ መስላኝ ነው፤ ይህ እውነት ነው። "ትምህርትስ በቃኝ ብላለች" የሚለውን ግን ማን ጠየቀኝ? ለወሬኛ "አትሄድም" ይበቃት ነበር። ያንን የጨመርሁት ጨዋታ ስለምወድ ነው? ወይስ በሩ ላይ ባሉት ትንንሽ ጫማዎች ምክንያት? ራሴን አጥብቄ ስጠይቀው፣ እሱም ለእኔ ይዋሻል።

በዚያው ሰሞን ባልቴቷ የአጃ ሾርባ ይዛ መጣች።

"አትስጪኝ፤ አልታመምሁም" አልኋት።

"አውቃለሁ፣ አያ።"

"እንዴት?"

"ምነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል እኮ። ልጅቱ ከማኪናው እንደወረደች ቤት ለቤት እየዞረች 'እኛ የትም አንሄድም' ስትል ዋለች። ያልጠየቋትን ልጅ እንዲህ የሚያሰኛት ምን አለ? እንዳይበላሽባችሁ ብለን ነው ዝም ያልነው።"

"የእህትሽ ልጅስ?"

"እሷ ካገባች ጊዜ ጀምሮ ከወሬ ወጥታለች፤ ለእኔም አትደውልም" አለችና ሾርባውን አስቀምጣልኝ ሄደች።

ያን ሁሉ ማንከስ ማንም አላመነልኝም ማለት ነው። ያመነችኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷንም ነው ማሳመን ያልነበረብኝ።

ዩኒቨርሲቲው ደግ ሆኖ ቦታዋን ለተከታዩ ዓመት አቆየላት። እኛም ተስፋ አደረግን። እንደገና ልታስገባ ስትዘጋጅ ግን ያ አገር ሕጉን ቀየረ። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ተማሪ ባልና ልጅ ይዞ አይገባም። ባለፈው ተሰጥቷቸው ቢሆን ሕጉ አይነካቸውም ነበር። አንዲት ሳል ዓመት አዘገየቻቸው ብዬ ስጸጸት የነበርሁት ሰውዬ፣ ሳሉ የነጠቃቸው ሌላ ነገር መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ልጄና ባሏ ቤቱ ጀርባ ልብስ ሲያጥቡ ሰማኋቸው። እኔ መስኮቱ ሥር ጋደም ብዬ ነበር፤ ተኝቷል ብለውኛል።

"ሦስታችን ካልሆንን አልሄድም ብያለሁ።"

"ሂጂ" አላት። "ሦስታችን እዚህ ከምንቀር አንቺ እንኳ ውጪ። ደመወዛችን እንዲህ፣ አገሩ እንዲህ።"

"ልጄስ?"

"አልጋ ሥር ከገባች አብሬያት እገባለሁ።"

 ከዚያ ለረጅም ጊዜ አንድ ልብስ ሲያጥቡ ቆዩ።

ብቻዋን አመለከተች። በዚህኛው ላይ የባሏን ስልክ እንጂ የእኔን አላስገቡትም፤ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ማንም ሳይደውል ተፈቀደላት።

አዘዞ ኤርፖርት በር ላይ ሻንጣ የሌለው አይገባም ተብለን ቆምን። ልጅቱ አባቷ ትከሻ ላይ ሆና የእናቷን ነጠላ ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ይዛለች፤ ቀስ ብለው ፈቱት። ልጄ ወደ እኔ መጥታ ጉልበቴን ልትስም ስታጎነብስ ያዝኋት።

"አውቄ ያደረግሁት ይመስልሻል?" አልኋት። እዚያ መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ጊዜ መምረጥ ድሮም አላውቅበትም።

ቀና ብላ አየችኝ። "አባባ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ያልጠየቅሁህ ለምን ይመስልሃል? እዚያ ሆኜ ስደውልልህ ድምፅህን መስማት እንድችል ነው። አንተም አትጠይቀኝ።"

ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። ከመስተዋቱ ግድግዳ ማዶ አንድ ጊዜ ዞረች፤ የዞረችው ወደ ልጅቱ ነው።

አሁን ቤቱ ውስጥ እኔ፣ አማቼና የልጅ ልጄ አለን። እሱ ሥራ አገኘ፤ ጎንደር ሥራ ሊይዝ ነው ብዬ የዋሸሁት ነገር እንኳ እውነት ሆነ። ልጅቱን ቀን የምይዛት እኔ ነኝ። ከዘራውን ለእሷ ሰጥቻታለሁ፤ አሁን በእውነት ጉልበቴን ያመኛል፣ ግን መልሺልኝ ማለት አፍራለሁ።

ባለፈው ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነበር። 

"ማን ልበል?" አልሁ፤ መልሱን ግን አልጠበቅሁም። "ልጄ ለትምህርት ውጭ አገር ሄዳለች። በሚገባ ትማራለች። ባሏና ልጇ እዚህ እኔ ጋ ናቸው፣ ሊከተሏት ይፈልጋሉ። እኔ አልታመምሁም፤ የዚያን ጊዜውም ሳል ውሸት ነበር።"

 በዚያኛው በኩል አንድ ወፍራም ድምፅ፣ "አባት፣ እኔ የፈለግሁት ባለ ጭነት ማኪናውን ሰውዬ ነው። ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ" ብሎ ዘጋው።

ልጅቱ ከዘራው ላይ እንደተቀመጠች ትክ ብላ ታየኛለች።

"አያቴ፣ እናቴ አትናገሩ ብላን አልነበር?"

"አሁን ይነገራል" አልኋት።

"ለማን?"