የሊፍት ጠጋኙና የማያውቃቸው ሰዎች

አባዬ የሊፍት መካኒክ ነው። ሥራውን ሲጠይቁት፣ "ሰው ሳይለፋ ፎቅ እንዲወጣ እኔ እለፋለሁ" ይላል። እውነቱን ነው። ሊፍት የሚጠገነው ሲቆም ነው፤ ሲቆም ደግሞ ጣሪያው ሥር ወዳለው የማሽን ክፍል የሚደረሰው በእግር ብቻ ነው። የመሣሪያ ሣጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ ሲወጣ የሚያዩት ባልደረቦቹ "ጋሽ ደረጃ" ብለው አወጡለት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ስለ ሊፍት ሲያወራ "ተበላሸ" አይልም። "አኮረፈ" ነው የሚለው። "ዛሬ የኢንሹራንሱ ሕንፃ ሊፍት አኩርፎ ዋለ" ይላል እራት ላይ። እናቴ፣ "አባብለኸው መጣህ?" ትለዋለች። የታመመ ልንጠይቅ ሰው ቤት ስንሄድ ሊፍቱ ውስጥ መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ በር የከፈተልንን ሰው ገና ሰላም ሳይለው፣ "ፍሬናችሁ አልቋል" ይለዋል። እናቴ በክርኗ ትጎሽመዋለች። እሱ ግን የዚያኑ ሳምንት ሄዶ ሠርቶላቸው ይመጣል።

ከእናቴ ጋር የተገናኙትም እንዲሁ ነው። እሷ ሁለት ፎቅ መሃል የቆመ ሊፍት ውስጥ ተይዛ ነበር፤ እሱ ገመዱ እስኪስተካከል በተዘጋው በር ስንጥቅ በኩል ያጫውታታል። ስለ ቤተሰቦቿ ጠየቃት፣ ምሳ ምን እንደበላች ጠየቃት፣ አየሩ እንደማያልቅባት ነገራት። "እኔ ያገባሁት ድምፁን ነው" ትላለች። "በሩ ሲከፈት መልኩን ሳይ ትንሽ ደንግጫለሁ። ግን አንዴ አውርቻለሁ፣ ምን ይደረጋል።"

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። አብሮት የሚሠራ፣ ከግዝፈቱ የተነሳ "ቀጭኑ" የሚባል ሰው አለ። አንድ እሑድ ቀጭኑ ቤታችን መጣና፣ አባዬ ገላውን ሲታጠብ ጠብቆ፣ ለእናቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አላት፤

"እትዬ፣ ጋሼ ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ እየቆመ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያስራል።"

"ታዲያ ይሰር። ተጠልፎ ይውደቅ?"

"ጫማው ማሰሪያ የለውም እኮ።"

እናቴ ያን ዕለት አባዬን አፋጠጠችው። እሱ ሳቀና፣ "ጨጓራዬ ነው" አለ። እዚህ ጋ፣ ደረቱ መሃል፣ ያቃጥለዋል፤ አንዳንዴ ወደ መንጋጋው ይወጣል፤ በቃ ይኸው ነው። መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ የሚታኘክ የጨጓራ ኪኒን ሰጥታዋለች፣ ፍቱን ነው። ደረጃ ሲወጣ ሲነሳበት ቆም ይልና አንዷን ያኝካል፤ ኪኒኗ አፉ ውስጥ ሳታልቅ ሕመሙ ይተወዋል። ለማሳመን ኪሱን ገልብጦ አሳየን። ነጫጮቹ ኪኒኖች ከብሎን ጋር ተደባልቀው ነበር።

"ብሎኑን እንዳታኝክ ብቻ" አለችው እናቴ፣ ነገሩም በሳቅ አለፈ። ሕመሙ የሚተወው ስላኘከ ሳይሆን ስለቆመ መሆኑን ከመካከላችን ልብ ያለ አልነበረም።

ቀጭኑ ግን ልብ ብሎ ኖሯል። አንድ ጠዋት፣ "ጋሼ፣ የልብ ሕክምና ማዕከሉ ሊፍት አኩርፏል፣ ቶሎ ድረሱ ተብለናል" ብሎ ይዞት ሄደ። አባዬ ሣጥኑን ተሸክሞ ገባ። ሊፍቱ ሰው ጭኖ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ቀጭኑ ቀድሞ ካርድ አውጥቶለት ነበር።

"ያኮረፈው የታለ?" አለ አባዬ፣ ነገሩ እየገባው።

"አንተ ነሃ። ግባ።"

ልቡን በኤሌክትሪክ አነበቡለት፣ በሚሽከረከር ምንጣፍ ላይ አስኬዱት፣ በኋላም ቀለም በደም ሥሩ ሰጥተው በሲቲ ስካን አነሱት። ለልብ ደም የሚያደርሱት ደም ሥሮች ሦስት ቦታ ላይ ጠበው ተገኙ፤ አንዱ በጣም። የማዕከሉ ሐኪም፣ ምናልባት ደረቱ ተከፍቶ፣ ከእግሩ በሚወሰድ ደም ሥር መሸጋገሪያ ሊሠራለት ይችል ይሆናል፣ ትልቁ ሆስፒታል ይወስን ብሎ ላከን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባዬ ጠዋት ሸሚዙን ሲቆልፍ ደረቱ መሃል ሲደርስ ጣቱ ይዘገያል። ስለ ሊፍቶቹ ማውራት ተወ፤ የትኛው እንዳኮረፈ፣ የትኛው እንደታረቀ የሚነግረን ጠፋ። አንድ ከሰዓት አጠገቡ ተቀምጬ ልብስ ሳጣጥፍ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ "ደረቴን ሳይከፍቱት ቢሆን" አለኝ። "የተከፈተ ማሽን አውቃለሁ። ይሠራል። ድምፁ ግን ሌላ ይሆናል።" የእሱን ካልሲዎች ደግሜ አጣጠፍኩ።

ትልቁ ሆስፒታል ያገኘችን ዶክተር አጭር፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ምስሉን ወደ እኛ አዙራ አሳየችን። አባዬ መነጽሩን አደረገና ጠቆመ።

"ይቺ ናት ዶክተር። አንገቷን የታነቀችው ይቺ ናት። ሌላውን ተዉት፣ ይቺን አስተካክሉልኝ።"

"ትመስላለች" አለች። "ግን ጋሼ፣ ምስሉ የሚያሳየን ጥበቱን ነው። የሚያልፈውን ደም አያሳይም። ስለዚህ እንለካለን።"

ከእጁ አንጓ ተነስቶ ልብ ድረስ የሚሄድ፣ ጫፉ ላይ የግፊት መለኪያ ያለው ቀጭን ሽቦ እንዳለ ነገረችን። ከጥበቱ በፊትና ከጥበቱ በኋላ ያለውን ግፊት ያነጻጽራል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ በቂ ደም ያልፋል ማለት ነው፤ ያ ቦታ አይነካም።

"ጠባብ መሆኑን እያያችሁ ትተዉታላችሁ?"

"ለብቻው አንተወውም፣ መድኃኒት አለው። ስቴንት፣ የጠበበውን ከውስጥ ደግፎ የሚይዘው ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ የሚያሰፋው የገባበትን ቦታ ብቻ ነው። በሽታው ግን የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ በየቦታው ነው፤ ስብ የሚቀንሰው መድኃኒት ሁሉም ጋ ይደርሳል። በድንገት ልቡ የተመታ ሰው ሲመጣ ሌላ ነው፣ ያኔ እየሮጥን እንከፍታለን። ሌሎቹ የሚነሱበት ዋናው ግንድ ቢጠብም ሌላ ነው። የእርስዎ ግንድ ደህና ነው።"

"ይህ በምን ታወቀ?" አለች እናቴ።

"እንደሳቸው ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕመምተኞች፣ በብዙ አገር፣ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ከመድኃኒቱ ጋር ስቴንት ወይም ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ግማሾቹ በመድኃኒት ጀመሩ። ለዓመታት ተከታተሏቸው። በሞት በኩል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ሕመም በጣም ይደጋገምባቸው ለነበሩት ግን ስቴንቱና ቀዶ ጥገናው እፎይታ ሰጥቷል።"

አባዬ መነጽሩን አወለቀ። "በዕጣ? በሰው ልብ ዕጣ ይጣላል እንዴ ዶክተር?"

"ሐኪሙ ከመረጠ ሳያስበው ደህና ደህናውን ወደ አንድ ወገን ያደርጋል። ከዚያ ማን በምን እንደተሻለው አይለይም። ዕጣ አያዳላም።"

አልተዋጠለትም። ስንወርድ ሊፍቱ ውስጥ፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ ማድረግ እንኳ ረስቶ፣ "ማን ነው ልቡን ለዕጣ የሚሰጥ? ምን ቢቸግረው ነው?" እያለ ያጉረመርማል።

"አንተ ልብህን ለጨጓራ ኪኒን ሰጥተህ አልነበር?" አለችው እናቴ። "እነሱ እንኳ የሚያያቸው ሐኪም ነበራቸው።"

በቀጠሮው ቀን ከእናቴና ከቀጭኑ ጋር ኮሪደር ላይ ጠበቅን። ቀጭኑ የፕላስቲኩ ወንበር ስላልቻለው ቆሞ ዋለ። ሊያጽናናን ብሎ ዳቦ ይገዛል፣ እኛ አንበላም ስንል ራሱ ይበላዋል፣ ደግሞ ይሄዳል። እናቴ የተዘጋውን በር ታያለች። በሩ ሲከፈት አልጋው በእግሩ በኩል ወጣ፤ አባዬ አንጓው ላይ በአየር የተነፋ ላስቲክ መሳይ አምባር ታስሮለታል።

"አልከፈቱኝም" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

እናቴ እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። እጇን ዘርግታ እግሩን በአንሶላው ላይ ያዘችው፤ ነርሷ እስክትለምናት ድረስም አለቀቀችውም።

ክፍሉ ውስጥ ከገባን በኋላ ነው ሁሉን የነገረን። በመድኃኒት አላስተኙትም፤ የራሱን ልብ በስክሪን እያየ ነው የተሠራለት። "ያቺ የጠቆምኳት፣ አስቀያሚዋ፣ ደህና ታሳልፋለች። ለኳት። ሌላዋ፣ እዚህ ግባ የማልላት፣ እሷ ናት ለካ ስታፍነኝ የከረመችው። ስቴንቱ ለእሷ ገባ። ሦስተኛዋም በመድኃኒት ትያዛለች ተብላለች።" በመሳሳቱ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። "እኔ ብሆን የማይሆነውን ፈትቼ ነበር" ይላል ደጋግሞ።

"በሰው ልብ ላይ መፍቻ እንዳትይዝ፣ ሊፍትህን ያዝ" አለው ቀጭኑ።

"አንተ ደግሞ ዳቦህን ያዝ። ነርሷ ነግራኛለች።"

ዶክተሯ ልታየው ስትመጣ ገና ብርሃን ነበር። አንጓውን አይታ፣ ጣቶቹን ነካክታ ልትወጣ ስትል ጠራት።

"ዶክተር፣ እነዚያ በዕጣ የተከፈሉት ሰዎች የት ይገኛሉ?"

"ለምን ፈለጓቸው?"

"ላመሰግናቸው ነበር።"

ተመልሳ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ስማቸውን እንደማታውቅ፣ ጥናቱን የሠሩትም እንኳ ለማንም እንደማይናገሩ፣ በየአገሩ ተበትነው እንደሚኖሩ፣ አንዳንዶቹም በሕይወት ላይኖሩ እንደሚችሉ ነገረችው። ከዚያ ሌላም ነገረችው። ስቴንት ሕመምን በእውነት ያቀልል እንደሆነ ለማወቅ ሰዎችን አስተኝተው፣ በዕጣ ለግማሾቹ ስቴንት ሲያስገቡ፣ ለግማሾቹ ምንም ሳይገባላቸው የቀረበት ጥናት አለ። ለሳምንታት ማን የቱ እንደደረሰው አያውቁም።

"ተታለው?"

"አይደለም። አስቀድሞ ተነግሯቸው፣ ፈቅደው ነው። ሕመሙ ግን እያለባቸው።"

አባዬ አምባሩን በሌላው እጁ ጣት ዳበሰው። "እኔን አያውቁኝም እኮ" አለ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ከሌሎች የልብ ሕመምተኞች ጋር በባለሙያ እየታየ እንቅስቃሴ ይሠራ ጀመር። በመጀመሪያው ሰሞን ቶሎ ቶሎ የልብ ምቱን ይቆጥር ነበር፤ ቀስ በቀስ ተወው። ሥራም ተመለሰ። ሣጥኑን የሚሸከመው ቀጭኑ ሆነ፣ እያለከለከና እየተራገመ።

ለክትትል በሄድን ጊዜ አንዲት ነርስ አንድ ጥናት እንዳለ ነገረችን። ለሪህ ሲሰጥ የኖረ የቆየ መድኃኒት አለ፤ በትንሽ መጠን ሲወሰድ የደም ሥርን ብግነት አብርዶ ድንገተኛ የልብ መመታትን ይቀንስ እንደሆነ ይፈተናል። አንዳንድ ጥናት ይጠቅማል ብሏል፣ አንዳንዱ ልዩነት አላየሁም ብሏል፤ ስለዚህ ገና ይጠየቃል። ግማሹ ሰው መድኃኒቱ ይደርሰዋል፣ ግማሹ ምንም የሌለበት ኪኒን። ሊያስከትል የሚችለውንም ጉዳት አንድ በአንድ ነገረችው።

"ሌላው መድኃኒቴ ይቀጥላል?" አለ አባዬ።

"ሁሉም ይቀጥላል። ሲፈልጉም አቋርጠው መውጣት ይችላሉ።"

"እንግዲያው ዕጣው ይውጣልኝ።"

እናቴ ክንዱን ያዘችው። "አንተ ሰውዬ፣ ባዶው ቢደርስህስ?"

"ባዶው የደረሳቸው ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ፣ እኔን ዛሬ ደረቴ ተሰፍቶ ነበር የምትጠብቂኝ።"

ቤት እስክንደርስ አላናገረችውም። አሁን ግን ጠዋት ጠዋት ኪኒኖቹን ከውሃ ጋር የምታቀርብለት እሷ ናት። ትንሿን የጥናቱን ኪኒን ሲውጥ ፊቱን ትመረምራለች፣ የደረሰው የቱ እንደሆነ ከመልኩ የሚታወቅ ይመስል። ትናንት ለሥራ ቸኩሎ ሳይውጣት ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ደረሰችበት።

"ዋጣት፣ ሰው ይጠብቅሃል" አለችው።

"ማን? ቀጭኑ ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። የማናውቃቸው ናቸው።"

ብርጭቆውን ተቀበላትና፣ ቆሞ፣ ውሃውን እስከ ታች ጠጣው።