የጋሽ እንድሪስ ቱንቢ

መካነ ሰላም ውስጥ አናጺነት በጀመርኩበት ቀን ጋሽ እንድሪስ የማዳበሪያ ከረጢታቸውን ደጃፋቸው ላይ ዘረገፉት። መዶሻ፣ መጋዝ፣ መሮ፣ መላጊያ፣ ሜትር፣ ፒንሳና ቱንቢ ወጡ። «ከነዚህ አንዱን ትተን እንሂድ ብልህ የትኛውን ትተዋለህ?» አሉኝ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ቱንቢዋን አነሳሁ። በክር የምትንጠለጠል፣ ጫፏ የሾለ ብረት ናት፤ አትመታ፣ አትቆርጥ። አጅባር ገበያ ያገኙት ቀጥቃጭ የሠራላቸው ነበረች፤ ከመያዝ ብዛት አንገቷ ያብረቀርቃል። ጋሽ እንድሪስ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። እሷን ቤት አስቀመጡና «በል እንሂድ» አሉኝ።

ሥራችን የወይዘሮ አስካለ ጓዳ በር ነበር። በሩ የሚታሰርበትን ቋሚ እንጨት፣ መቃኑን፣ እኔ በዓይኔ ገምቼ አቆምኩት። ቀጥ ያለ መስሎኝ ነበር። በሩን ሰቅለን ዘጋነው፤ ቀስ ብሎ ራሱን ከፈተ። ደግመን ዘጋነው፤ አሁንም ተከፈተ። ወይዘሮ አስካለ ወገባቸውን ይዘው «ጋሽ እንድሪስ፣ በር ሥሩልኝ አልኩ እንጂ ጅን ቅጠሩልኝ ብያለሁ?» አሉ።

«አፉ በይን አስካለ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ጋሽ እንድሪስ። በኛ አገር ይቅርታ የሚጠየቀው በዚህ ቃል ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ስንመለስ መንገድ ላይ ብቻ «ዓይን ያደላል፣ ተሾመ። የገዛ ሥራውን ሲያይማ ይብስበታል» አሉኝ። በማግስቱ ቱንቢዋን ይዘን ሄደን መቃኑን በተንጠለጠለው ክሯ ልክ አቃናነው።

ከዚያ ስድስት ዓመት አብረን ሠራን። እርጥብ ባህር ዛፍ በክረምት ቢቸኩሉበት በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እንደሚያወጣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከሁሉም የሚናፍቀኝ ግን መቃን የምናቆምበት ሰዓት ነው። እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ ክሩን እይዛለሁ። እሳቸው ከታች ተንበርክከው ብረቷ መወዛወዟን እስክትተው ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ማንም አይናገርም፣ ባለቤቱ እንኳ ዝም ይላል። ብረቷ ስትረጋ «አልሐምዱሊላህ፣ ምታ!» ይላሉ። እኔም ምስማሩን እመታለሁ።

አንድ በጋ ደሴ ትልቅ ሕንፃ ላይ የሦስት ሳምንት ሥራ አገኘሁ። ቱንቢዋን እንዲያውሱኝ ጠየቅኳቸው። «ይዘሃት ሂድ። ስትመለስ ግን ከእናትህ ቤት በፊት እኔ ቤት ነው የምትመጣው» አሉ እየሳቁ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ለኮንክሪት ዓምድ በሳንቃ የሠራነውን ሳጥን ቀጥታነት እያየሁ ሳለ ክሩ ተበጠሰ። ቱንቢዋ ሳጥኑ ውስጥ ገብታ በቆሙት የብረት ዘንጎች መሐል ቁልቁል ወረደች። አለቃዬ ዘንድ ሮጥኩ። «ኮንክሪቱ ተቦክቶ ቆሟል፤ ለአንድ ቁራጭ ብረት ሳጥን አላስፈርስም» አለኝ። ሲሞሉት ቆሜ አየሁ። እስከ ዛሬም እዚያው ዓምድ ውስጥ ናት።

ያን ዕለት ተሳፍሬ ሄጄ ብነግራቸው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አፈርኩ። ምትኳን ገዝቼ እሄዳለሁ ብዬ ገዛሁ፤ ከገዛሁም በኋላ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ሦስቱ ሳምንት ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ለበዓል እናቴ ዘንድ ስመጣ በመንገዱ ያለው የአቀስታ ብርድ አቆራምቶኝ ከአውቶቡስ እወርድና፣ በሳቸው ደጅ ላለማለፍ ስል ብቻ ገበያውን ዞሬ እሄድ ነበር። ደሴ ሥራ አላጣሁም። ድሪልም ውሃ ልክም ገዝቻለሁ። ግን መቃን ባቆምኩ ቁጥር ጆሮዬ ያንን «ምታ!» ይጠብቃል፤ የሚለኝ የለም። እንደ አባት ናፈቁኝ።

በመጨረሻ እናቴ «ጋሽ እንድሪስ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል አሉ፤ ሁልጊዜ ስላንተ ይጠይቁኛል» አለችኝ። ይቅር ሳይሉኝ ቢሞቱስ ብዬ ፈራሁ። አዲሷን ቱንቢ በጋዜጣ ጠቅልዬ በማግስቱ ሄድኩ።

ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የቤታቸው መቃን በምስጥ ተበልቶ አዲሱ ገና በድጋፍ ቆሟል። አጠገቡ በሲባጎ የታሰረ እንቁላል የሚያህል ድንጋይ ተንጠልጥሏል።

«አፉ በሉኝ ጋሼ» አልኳቸው ጉልበታቸውን ይዤ። «ቱንቢዎ ኮንክሪት ውስጥ ወድቃብኝ ቀረች። አፍሬ ነው የጠፋሁት።» አዲሷን ሰጠኋቸው።

በመዳፋቸው መዘን መዘን አደረጓት። «አፉ ብዬሃለሁ፣ ከልቤ። ግን ወላሂ፣ ለዚች ብለህ ነው ዘጠኝ ዓመት?» አሉና ወደ ድንጋዩ ጠቆሙኝ። «ያውልህ፣ ድንጋይም ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል። እኔ ያጣሁት ክሩን ከላይ የሚይዝልኝ ሰው ነው።»

መሰላሉን አቁሜ ወጣሁና ሲባጎውን ያዝኩ። እሳቸው መንበርከክ ስላቃታቸው በርጩማውን አስጠግተው አጎነበሱ። ድንጋዩ እስኪረጋ ጠበቅን። «አልሐምዱሊላህ» አሉ በቀጭን ድምፅ፣ «ምታ!» ዓይኔ እንባ ሞልቶ ምስማሩን ስቼ ጣቴን መታሁ፤ እሳቸው እስኪያስላቸው ሳቁብኝ። አብረን የሰቀልነው የመጨረሻ በር እሱ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ።

እኔም ወደ ደሴ አልተመለስኩም። ባለፈው ሳምንት አዲስ ቤት የገባች ጎረቤቴ፣ መምህርት ናት፣ ለቤት ጥገና ምን ምን ዕቃ እንደምትገዛ ጠየቀችኝ። ሱቅ ያየችው ድሪል ዓይኗ ገብቶ ነበር። መዶሻ፣ መጋዝ፣ ሜትር፣ ፒንሳና ካቻቢቴ እንደሚበቃት ነገርኳት።

«ቱንቢስ?» አለችኝ።

«ድንጋይና ሲባጎ ካለሽ ቱንቢ አለሽ። የቀረውን ከጎረቤት ተዋሺ» አልኳት። «ከጠፋብሽ ግን በዚያው ቀን ሄደሽ ንገሪ።»