የታመመው ጆሮዬ የሰማው

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው በጆሮዬ ሳይሆን በአጥንቴ ነበር። ነገሩ ቀልድ አይደለም። ያኔ ካርቱም ጀብራ ውስጥ፣ ከእናቴ ታላቅ እህት ከዘሃራ ጋር እኖር ነበር፤ እንደ ሰፈሩ ልጆች በአረብኛ «ኻልቶ»፣ አክስቴ፣ እላታለሁ። እናቴ ካፉሪ በሚባል ሰፈር በአንድ ትልቅ ቤት እዚያው እያደረች ትሠራ ስለነበር የምትመጣው አርብ አርብ ብቻ ነው። ስትሄድም በር ላይ ቆማ ኻልቶን «አደራሽን» ሳትላት አትወጣም።

በአንድ የዝናብ ወቅት ግራ ጆሮዬ መግል ያዘ። ኻልቶ ወሎ ሳለች እናቷ ታደርግ እንደነበረው የሰሊጥ ዘይት በማንኪያ ከከሰሉ ላይ አሙቃ፣ ሙቀቱን በክንዷ ሞክራ፣ ጠብ ጠብ አደረገችልኝ። ሕመሙ ሄደ፤ ከሕመሙ ጋር ግን መስማቱም ሄደ። ከዚያ በኋላ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ፣ መብራት ደግሞ የማይጠፋበት ምሽት ብዙም አልነበረም፣ የፉሉን ድስት ከሰሉ ላይ ጥዳ፣ ፋኖሱን ዝቅ አድርጋ በግራዬ ትቀመጥና አገጯን ከጆሮዬ ኋላ ካለው አጥንት ላይ ታሳርፋለች። የተኛውን ጆሮ በተረት ልትቀሰቅሰው ነበር ሐሳቧ። «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» እላለሁ፤ ከዚያ ጅቡ በወፍራም ድምፁ ሲናገር የራስ ቅሌ ሲርገበገብ ይታወቀኛል። በየመሀሉ «ይሰማሻል?» ትለኛለች። ይሰማኝ ነበር። እንዲያውም ከደህናው ጆሮዬ አብልጦ ይሰማኝ ነበር።

የግቢው ልጆች ግን በታመመው ጆሮዬ እሰማለሁ ስላቸው አላመኑኝም። ደህናውን ጆሮዬን ደፍነው በግራዬ ያንሾካሹኩና «ምን አልን?» ይሉኛል፤ ሹክሹክታው ግን አይሰማኝም። ከዚያ ወዲያ ስሜ «ከዳባ» ሆኖ ቀረ፤ ውሸታሟ ማለታቸው ነው።

ሐኪም ዘንድ የሄድነው እናቴ አንድ አርብ አጥብቃ ስላዘዘች ነው። የኻልቶ አረብኛ ከገበያ አያልፍም፤ ስለዚህ በሽተኛዋም አስተርጓሚዋም እኔ ነበርኩ። ግድግዳው ላይ የጆሮን ውስጥ የሚያሳይ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከታምቡሩ ጀርባ እንደ እርካብ ያለች ትንሽ አጥንት፣ ከእሷ ወዲያ ደግሞ የተጠቀለለ ቀንድ አውጣ። እንዲህ ያለ ነገር እኔም ውስጥ አለ ወይ ብዬ ፈራሁ። ሐኪሙ በመብራት አየኝና ታምቡሩ ተቀዷል አለ። ቀጥሎ ሁለት ጣት ያለው ብረት ጉልበቱ ላይ መታና እጀታውን ግንባሬ መሀል አሳረፈው። ብረቱ እዝዝዝ ይላል። በየትኛው ጆሮሽ በኩል ነው አብልጦ የሚሰማሽ ብሎ ጠየቀኝ።

የሰማሁት በግራው ነው፤ ልክ እንደ ኻልቶ ተረት። ግን የታመመ ጆሮ ከደህናው አብልጦ ይሰማል ብሎ ማን ያምናል? ከዳባ መባል ሰልችቶኝ ነበር። ጣቴን ወደ ቀኝ ጆሮዬ ቀሰርኩ።

ሐኪሙ ከንፈሩን መጠጠ። የውስጡ ነርቭ ሞቷል፣ ቀዳዳው ቢደፈንም ዋጋ የለውም አለ። ይህን በአማርኛ ለኻልቶ የነገርኳት እኔ ነኝ። ዘይቱ ይሆን ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አለችኝ። ጠየቅሁት። ቀና ሳይል «ይምኪን» አለ። ሊሆን ይችላል ይላል አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰሊጥ ዘይት ቤታችን አልገባም። ካርቱም ተቀምጦ ፉልን ያለ ሰሊጥ ዘይት መብላት ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል፤ እኛ ግን ዓመታት በላነው። ኻልቶ ወደ ቀኜ ዞረች። አገጯን አንስታ፣ ራቅ ብላ ተቀምጣ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታወራልኛለች፤ ጅቡም እንደ ማንኛውም ሰው ይናገር ጀመር። ለእናቴ «አደራሽን በላሁ፣ እኔ ነኝ ያደነቆርኳት» ያለቻት ራሷ ናት። እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰቻትም፤ አለመውቀሷ ግን ለኻልቶ ከወቀሳ የከፋ ሆነ፤ አርብ ሲመጣ እናቴን ቀና ብላ አታያትም። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ እበላለሁ። ውሸቴ ምን እንዳደረገ ያኔ አላውቅም፤ መዋሸቴን ግን አውቅ ነበር። ልናገር እልና፣ አሁን ብናገር ይብስብኛል ብዬ እተወዋለሁ። እናቴም ሁለቱ እንደዚያው እንደሆኑ ሞተች።

ካደግሁ በኋላ እዚያው ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት የጆሮ ክሊኒክ አስተርጓሚ ሆንኩ። አንድ ቀን ታምቡሯ የተቀደደ የወሎ ሴት መጣች፤ ሐኪሟም ያንኑ ዓይነት ብረት ግንባሯ ላይ አደረገች። ሴትዮዋ ሳታመነታ «በታመመው በኩል ነው» አለች። ሐኪሟ ፊቷ በራ፤ ነርቩ ደህና ነው፣ ቀዳዳው ይደፈናል አለች። እንዴት ብዬ ጠየቅኋት። ታምቡሩ ሲቀደድ የውጭው ጫጫታ እንደ ልቡ አይገባም፤ ስለዚህ በአጥንት የመጣው ድምፅ ቀንድ አውጣው ጋ የሚሻማው ሳይኖር ይደርስና ጎልቶ ይሰማል አለችኝ። የራሴን ታሪክ ነግሬም ስለ ዘይቱ ጠየቅኋት። መጨመሩስ ባይጨመር ይሻል ነበር፣ ግን ታምቡርሽን የቀደደው የታፈነው መግል ነው አለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔማ ባዳ ያደረግሁት ራሴ ነኝ። ሴትዮዋ ሐኪሟ ምን አለች እያለች እጄን ትጎትታለች።

በዚያው ዕለት ጀብራ ሄጄ ለኻልቶ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አርጅታለች፤ ጥርሷም ሳስቷል። ብትቆጣኝ፣ ብትረግመኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን ከሰሉን ቆሰቆሰች።

«ዘይቱ አይደለም በይኛ?» አለች በመጨረሻ።

«አይደለም ኻልቶ።»

«ታዲያ ለእናትሽ ማን ይንገርልኝ?»

ተነሥታ በግራዬ በኩል ዞረችና አገጯን እዚያው የድሮ ቦታው ላይ አሳረፈች። ተረት የምትጀምር መስሎኝ «የላም በረት» ልል ተዘጋጀሁ። ተረት አልጀመረችም። ድምፅ ሳታወጣ እያለቀሰች ነበር፤ በቀኝ ጆሮዬ ምንም አልሰማሁም። የጅቡን ተረት መጨረሻ ረስቼዋለሁ፤ ያ ልቅሶ ግን ከአጥንቴ አልወጣም።