ያላረሰ ማረሻ

ግንቦት ሲገባ ሽማግሌው ከተፈናቃዮች መጠለያ ተነስቶ ደብረ ብርሃን ገበያ ጥግ ወዳለው የጌታሁን ብየዳ ቤት ይመጣል። በእርዳታ ያገኘውን ሰፊ ካፖርት በገመድ ታጥቆ፣ ከብብቱ ስር በጨርቅ የተጠቀለለ ማረሻ ያወጣል። ከወለጋ ሲወጣ ይዞት የመጣው ንብረት ይኸው ብቻ ነው።

«ሳልልኝ፣ ልጄ።»

ተራ የሚጠብቁት ባለ ባጃጆች አይለቁትም። «አባባ፣ ዘንድሮ አስፋልቱን ሊያርሱት ነው?»

«ፈጣሪ ካዘዘኝ ምን አደርጋለሁ፣ አርሳለሁ» ይልና አብሯቸው ይስቃል።

ጌታሁን ግን አይስቅም። አፈር የነካ ማረሻ ጫፉ ያበራል፤ ይሄኛው በየዓመቱ ዝጎ ነው የሚመጣው። አንድም ትልም ሳያወጣ፣ የመሳያው ድንጋይ ብቻ እየበላው አጥሯል።

ዘንድሮ ጌታሁን ቆርጦ ነገረው። «አባባ፣ እንዲህ በየዓመቱ ከሳልነው ያልቃል እኮ። መሬት እስኪያገኙ ለምን አይቆይም?»

«መሬቱን የሰጠኝ እግዚአብሔር ነው፤ ቢነሳኝም አልከራከረውም። ብቻ ‹ተነስ፣ ቀዬህ ግባ› ያለኝ ቀን ‹ማረሻዬ ዱልዱም ነው› ብዬ እንዳላስጠብቀው።»

ጌታሁን የመሳያውን ሞተር አስነሳና ዝገቱን ብቻ ላይ ላዩን ጠርጎ መለሰለት። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ገና ነው፣ ልጄ» አለው፣ ሕፃን እንደሚያባብል ቀስ ብሎ።

ጌታሁን ተቀበለው። የቀረው ብረት ቢበቃ ለአንድ ግንቦት ነው። ማረሻውን ከድንጋዩ ጋር አገናኘው።