የሰንበት ጨለማ ከምን እንደተሠራ

ልጅ እያለሁ ጨለማ ክብደት ነበረው። አሁን የምኖርባትን ከተማ፣ የአፉላን ጨለማ ማለቴ አይደለም። ይሄማ የመንገዱ መብራት፣ የፋብሪካው መብራትና የጎረቤቴ ስልክ ተረዳድተው ወንፊት ያደረጉት ነው። የኛ አገሩ፣ የአርብ ማታው ጨለማ ግን በትከሻ እየተገፋ የሚታለፍ ነበር። አንድ ማታ ድመታችን ገፍታ ገፍታ ማለፍ አቅቷት ተመልሳ ተኛች ብል፣ በዚያ ጨለማ ያደገ ሁሉ ይመሰክርልኛል።

ይህን ያስታወሰችኝ ልጄ ናት። አርብ ዕለት ከሚሽመሬት፣ ከፋብሪካው ተራዬ ወጥቼ፣ ቆሜ የዋልሁበትን እግሬን እንደ ሰው ዕቃ ከጠረጴዛው ሥር አስቀምጬ ተቀምጫለሁ። እሷ ትምህርት ቤት የምታቀርበውን የፊዚካ ሥራ ትነግረናለች። በዓለም ላይ ከሚታየው የማይታየው ይበልጣል አለች። «ሖሜር አፌል» ይሉታል፤ ጨለማ ቁስ እንበለው። ብርሃን አያሳየውም፣ ከምን እንደተሠራም እስካሁን የደረሰበት የለም። ነገር ግን የሱ ክብደት ባይኖር ኖሮ ከዋክብቱ ሁሉ ዙረታቸውን ትተው ይበታተኑ ነበር።

«አባ፣ ላንተ ከምን የተሠራ ይመስልሃል?»

«ከድካም» አልኋት። «የኛ ፋብሪካ ሰው ድካም የት የሚሄድ መሰለሽ? አውቶቡሱ አይጭነው፣ ቤት አይበቃው። ወደ ላይ ነው የሚወጣው።»

«ዳይ፣ አባ!» አለችኝ፤ በቃህ ማለቷ ነው።

ሰንበትን ከኛ ጋር ልታሳልፍ ከመሀል ከተማ ወደኛ ሰፈር ወደ ኢሊት የመጣችው እናቴ ግን አልሳቀችም። አፍጥጣ ልጅቱን ታዳምጣለች። እኔ ደግሞ ለዚያ ማታ የተሰጠኝ ሥራ ነበረኝ። ታላቅ እህቴ የሺ ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ስትወተውተኝ ከርማለች። «እማ እያረጀች ነው፤ ለታከለ ተስካሩን ታውጣለትና ይውጣላት። አንተ ቀልደኛው ንገራት፣ ካንተ ትሰማለች።» ታከለ የሁላችን ታላቅ ነው። ወደ ሱዳን በእግሩ ከወጣ ወዲህ ደረሰም ሞተም የሚል ወሬ አልመጣም። እናቴ አንድ ቀን አልቅሳለት አታውቅም። እኔም ልነግራት አፌን በከፈትሁ ቁጥር ሰላጣ እጎርሳለሁ።

እንግዲህ በኛ በአይሁዶቹ መንደር ሰንበት የሚገባው አርብ ማታ ነውና፣ እሳት ክልክል ስለሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ በውኃ ይጠፋ ነበር። ከዚያ በኋላ ኩራዝ የለ፣ ክብሪት የለ። የጠፋ አመድ ሽታና የታጠበ ነጭ ልብስ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። በዚያ ጨለማ እናቴ መደቡ ላይ በተርታ የተኛነውን በእጇ ራስ ራሳችንን እየዳበሰች ታልፋለች፤ ሁላችንም መኖራችንን የምታውቀው በዚያ ነው። ዳር ላይ ያለው የታከለ ቦታ ባዶ ነበር። የሚተኛበት የለም። እጇ ግን እዚያም ያርፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይነሣል።

አንድ አርብ ከእናቴ ጋር ከወንዝ ታጥበን ስንመለስ መሽቶብን፣ አባቴ እሳቱን አጥፍቶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሊያድር ወደ ጸሎት ቤት ሄዶ ነበር። ቀዝቃዛውን ምግብ በልተን ተኛን። የእናቴ እጅ እኔን አለፈ፣ የሺን አለፈ፣ ዳር ደረሰ። ከዚያ ግን አልተነሣም።

ሰው ነበረ። ጸጉር ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ወንድ።

«መጣ» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። የሺ ተነሥታ ልትቀሰቅሰው ስትል ክንዷን ያዘቻት። «ከሱዳን በእግሩ የመጣ ሰው አይቀሰቀስም! ይተኛበት።» መብራት ማብራትማ ማን አስቦት። ሰንበት ገብቷል።

እናቴ ራስጌው ተቀመጠች። እኔና የሺ ደግሞ ምርምር ጀመርን። ዛሬ ልጄ ጨለማ ቁስን ስለሚመረምሩት ሊቃውንት ስትነግረኝ፣ እኛም የማይታይ ነገር እየዳበስን ከምን እንደተሠራ የተከራከርን ሰዎች መሆናችንን ባስመዘግብ ደስ ይለኛል።

«እግሩ እኮ ይህን ያህል አልነበረም» አለች የሺ በሹክሹክታ።

«ሱዳን ሩቅ ነው። በመንገዱ ብዛት ያደገ ነው።»

«ጢሙስ?»

«ጢሙን መንገድ ላይ ነው ያገኘው።»

«ብረት ብረት ይሸታል፤ ከሰልም።»

«ሱዳን እንዲህ ነው የሚሸተው» አልሁ፤ ሱዳንን ቀምሼ የማውቀው ይመስል። እናቴ በጨለማው ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። ታከለ ከሄደ ወዲያ ሳቋን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ሲነጋ በበሩ ስንጥቅ ብርሃን ገባና ሰውየውን አየነው። የማናውቀው ወጣት ቀጥቃጭ ነበር። መንገድ ላይ ሰንበት ገብቶበት፣ አባቴ ወደ ጸሎት ቤት ከመሄዱ በፊት አሳርፎታል። ዓይኑን ሲከፍት አንዲት ሴት ፊቱ ላይ ተደፍታ ስታየው ደንግጦ ተነሣ፤ ያጠፋው ነገር ያለ መስሎት ይቅርታ ይለምን ጀመር።

እናቴ እጁን ይዛ አስቀመጠችው። «እናትህ የት እንዳደርህ ታውቃለች?» አለችው።

«ኧረ አታውቅም።»

«እንግዲያው እሷም አልተኛችም» አለችና የሰንበቱን ዳቦ ቆርሳ መጀመሪያ ለሱ ሰጠችው። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር፤ ስለዚያ ሌሊትም ዳግመኛ አንሥታ አታውቅም።

ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ በዚህች ኢሊት ባለችው ሳሎን፣ ልጄ ነገሯን ጨርሳ ስትነሣ እናቴ እጇን ያዘቻት።

«ያ የማይታየው ነገር፣ ቆሞ ነው ያለ ወይስ ይሄዳል?»

«ይሄዳል ሳፍታ። ግን ቀስ ነው፣ በጣም ለአት ለአት። እንደዛ ያስባሉ።»

«እንግዲያው ዘገየ እንጂ አልቀረም» አለች እናቴ። ልጄ ሳቀች፤ ሳፍታዋ፣ አያቷ፣ የቀለደች መስሏታል። እኔ የቤቱ ቀልደኛ ግን እንደገና ሰላጣ ጎረስሁ።

ያኔ እናቴን ያሳሳታት አንድ ሌሊት ነበር፤ ጠዋቱ ማንንም ሳያስቸግር በራሱ መጥቶ አረማት። ዛሬ በየክፍላችን መብራት አለ፣ ሲመሽ ማንም ሳይነካው በሰዓቱ ይበራል፣ በሰዓቱ ይጠፋል፤ እንዲህ በራሱ መጥቶ የሚያርም ጠዋት ግን መኖሩን እንጃ። እህቴ የፈለገችው እኔ ያንን ጠዋት እንድሆን ነው። ጠዋት መሆን ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል። እኔ ከፋብሪካ የምመጣ ሰው ነኝ።

ሰንበት እንደወጣ የሺ ደወለች።

«ነገርሃት?»

«ተስካሩ ይቆይ» አልኋት።

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «ይቆይ» አለች፤ እሷም ደክሟት ነበር።