የምንሽሩ ምላጭ

ባለፈው ሳምንት ዳንግላ ገበያ ማር ልገዛ ቆሜ፣ ነጋዴዋ ጀሪካኑን ካንጠለጠለችበት ሚዛን ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። መንጠቆ ያለው፣ ውስጡ ሞላ የሆነ፣ በእጅ የሚያዝ ቀጭን ሚዛን ነው። ጠቋሚው ትንሽ ተንቀጠቀጠና አምስት ላይ ቆመ። ሴትዮዋ ዝም ብዬ ማፍጠጤን ስታይ የተጠራጠርኳት መስሏት፣ "እይው፣ አላጎደልኩብሽም" አለችኝ። የማሩ ሽታ፣ ከጎን ከተቆለለው ከሰል የሚወጣው ሽታ፣ የረጠበው ጭቃ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። አመስግኜ ከፍዬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ግን አባቴን ሳስበው ዋልኩ።

ያኔ እንጅባራ ኮሌጅ የብረታ ብረት ሥራ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከአዲስ ቅዳም ከፍ ብሎ፣ ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ ከተተከለበት ዳገት ሥር ነው። በእነዚያ ዓመታት ሰው ሁሉ የእህል መሬቱን ዲከረንስ እየተከለበት ከሰል ያከስል ስለነበር፣ ጠዋት በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚገባው ጭስ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ አዲስ ቅዳም እደርስና እስከ ቤት ያለውን አቀበት በእግሬ እወጣለሁ። ጉሙ ከባድ ስለሆነ ቤታችን የሚታየኝ ደጃፉ ላይ ስደርስ ነበር።

አባቴ የድሮ ወታደር ነው። ጠንካራ ሰው ነበር፤ ጠንካራ ስላችሁ ክንዱንም ምላሱንም ማለቴ ነው። ብረታ ብረት መምረጤን የሰማ ጊዜ ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን እንግዶች በተቀመጡበት፣ "እኔ ሴት ልጅ የለኝም፤ አንድ ቀጥቃጭ ወልጃለሁ" አለ። በእኛ አገር ይህ ቃል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማረሻው የሚሠራው በቀጥቃጭ እጅ ነው፤ ከቀጥቃጭ ጋር ግን ማዕድ አይቆረስም። እንግዶቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ስሜ እሱ ሆነ። ውሃ ስቀዳ፣ ላም ሳልብ፣ "ቀጥቃጯ የት ሄደች?" ይላል። እናቴ ጠጋ ብላ በአዊኛ፣ ልቡ እንዲህ አይደለም ትለኝ ነበር። ልቡን አላየሁትም። የምሰማው አፉን ነው።

በዚህ ዓለም የሚወደው ነገር ቢኖር አንድ ምንሽር ነበር። ከአባቱ የወረሰው፣ ሰደፉ ከእጅ ብዛት የጠቆረ ረጅም ጠመንጃ ነው። በአካባቢው የተከበረ ሰው ሲሞት፣ አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ መጀመሪያ የሚተኩሰው እሱ ነው። ይህን ማዕረግ ማንም አልሰጠውም፤ ማንም ግን አይሻማውም ነበር። አንድ ጊዜ ይተኩሳል፤ ቀለሁን ከመሬት አንሥቶ ኪሱ ይከታል፤ ሌሎቹ ከእሱ ቀጥለው ይተኩሳሉ።

አንድ የጥቅምት ጠዋት ከአልጋው ሊነሣ ሲል ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ሐኪም ቤት ሰነበተ። እግሩ ተመለሰ። አንደበቱም ተመለሰ፤ እንዲያውም ብሶበት ነው የመጣው። ቀኝ እጁ ግን ዝሎ ቀረ። ጽዋ ሲያነሣ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ሲመጣ ጋቢው ውስጥ ይደብቀዋል። እናቴ ሁለት ሱባኤ ጠበል ይዛው ሰነበተች። በዚያ ብርድ እሱ ሲጠመቅ እሷ ጋቢውን ደረቷ ላይ አቅፋ እያሞቀች ትጠብቀው እንደነበር ነግራኛለች።

ጥር ላይ የልብ ባልንጀራው ሞተ። ያን ዕለት እኔም ነበርኩ። ሣጥኑ ከቤት ሲወጣ ሁሉም አባቴን አዩ። ምንሽሩን አነሣ፤ ሰደፉን ትከሻው ላይ አሳረፈ፤ ምላጩን ሳበ። ጠመንጃው አልተኮሰም። ደግሞ ሳበ። ሁለት ጣት አስገብቶ ሳበ። አፈሙዙ ወዲያና ወዲህ ሲል ሰዎች ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሣጥኑን የተሸከሙት ወንዶች መሄዱንም መቆሙንም አጥተው መሀል ላይ ቀሩ። ለቅሶው ቀዘቀዘና ለቀብር የመጡት ፈረሶች ልጓም ሲንሿሿ ተሰማ። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ ከሰው መሀል ወጥቶ መጣና እጁን ዘረጋ።

"ስጠኝ፤ ሟቹን አታሳፍረው" አለው።

ተቀብሎት ተኮሰ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። አሁን ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ ባዶ እጁን አንጠልጥሎ መቆሙን ሳይ፣ በደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ለቀቅ ሲል ተሰማኝ።

ደስታዬ ሁለት ሳምንት አልቆየም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ ከቤቱ ጓሮ ግድግዳ ተደግፎ፣ ባዶ ምንሽር ታቅፎ አገኘሁት። ምላጩን ይስባል፤ ጣቱ ነጭ እስኪሆን ይስባል፤ ያርፋል፤ እንደገና ይስባል። ጺሙ ላይ ላብ ወርዷል። ሳያየኝ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ቀረብ ብዬ፣

"አባየ፣ የታመመው መሣሪያው እንጂ እጅዎ አይደለም" አልኩት።

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ?"

"ብረት አውቃለሁ።"

ምንሽሩን በግራ እጁ ገፋ አደረገልኝና፣ ከሰበርሽው እሰብርሻለሁ አለኝ። ከእናቴ በቀር ሴት ነክታው የማታውቀውን ጠመንጃ ሲሰጠኝ ያለው ይኸው ብቻ ነው።

ኮሌጅ የሚያስተምረን መምህር ቀድሞ በሠራዊቱ ውስጥ መሣሪያ ይጠግን የነበረ ሰው ነው። ያልለካችሁትን ነገር አሻሻልን አትበሉ ይለን ነበር። ስለዚህ ቅቤ ከምትነግደው ጎረቤታችን ሚዛኗን ተዋስኩ። ጥይት እንደሌለበት ሁለት ጊዜ አየሁ። ምንሽሩን ከአግዳሚው ጋር አጥብቄ አሰርኩና የሚዛኑን መንጠቆ ምላጩ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ሳብኩ። አባቴ ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጠቋሚውን ያያል። ምላጩ ይንቀሳቀስና ይነክሳል፤ ደግሞ ይንቀሳቀስና ይነክሳል። ሲለቅ አምስት ኪሎ አልፎ ነበር። እያቀባበልኩ ሦስት ጊዜ ሳብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።

"የኔን ለኪው" አለ።

ጣቱን መንጠቆው ውስጥ አስገባ። እኔ ሚዛኑን ያዝኩ፤ እሱ ሳበ። የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ጠቋሚው ሁለት ኪሎ ተኩል ደረሰና እየተንቀጠቀጠ ቆመ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ልነግረው እችል ነበር፤ ቁጥሩን ከፍ አድርጌም ልነግረው እችል ነበር። እናቴ እስክትሰማ ጮክ ብዬ "ሁለት ተኩል" አልኩ። ከዚያ ሳይጠይቀኝ የራሴን ጣት አስገብቼ በሌላው እጄ ሚዛኑን ይዤ ሳብኩ። ዘጠኝ። እንዲያይ ወደ እሱ አዙሬ ያዝኩለት። አየና ፊቱን ወደ ዲከረንሱ አዞረ።

ሰኞ መምህሩን ስጠይቀው ቅባቱ ደርቆ ዝገት በልቶት ይሆናል አለኝ። ሞላውን እንዳትነኪ፣ ከሁለት ኪሎ በታችም እንዳታወርጂ ብሎ አስጠነቀቀኝ። ሲደገፉት የሚተኩስ መሣሪያ ባለቤቱን ይበላል አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈታታሁት። ውስጡ ከአያቴ ዘመን ጀምሮ የተጋገረ ጥቁር ቅባት ነበረበት፤ የገማ ጮማ ይሸታል። በጋዝ አጠብኩት። የሚፋተጉትን ፊቶች በላመ ብርጭቆ ወረቀት እስኪያብለጨልጩ አሸሁ። ትንሽ አሽቼ እለካለሁ፤ ደግሞ አሽቼ እለካለሁ። አራት ተኩል ሆነ። ሦስት ሆነ። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ተነሥቶ ፀሐይ ደጃፋችን ላይ ሲወርድ ሁለት ኪሎ ላይ ደረሰና እጄን ሰበሰብኩ። ሰደፉን መሬት ላይ አንጥሬ አንጥሬ አየሁት፤ ምላጩ በራሱ አልለቀቀም።

አባቴ ትከሻው ላይ አሳርፎ ሳበ። ጠቅ አለ። በግራ እጁ አቀባብሎ ዓይኑን ጨፈነና እንደገና ሳበ። ጠቅ። ከዚያ ሳቀ፤ ጥርሱ ሁሉ እየታየ፣ እንደ ሕፃን። በሕይወቴ እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አሁን አንድ ነገር ይለኛል ብዬ እጄን በአሮጌ ጨርቅ እየጠረግኩ ቆምኩ። ተነሣ፤ ምንሽሩን አንግቶ ለጎረቤት ሊያሳይ ወጣ።

ያለውን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። እጄን ጠበሉ መለሰልኝ እያለ ያወራ ነበር። እናቴም አምናው ስለቷን ልታደርስ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ ምንም አላልኩም። የሁለት ቅዳሜ ድካሜ ነው፣ ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁር ቅባት ገና አልወጣም።

መጋቢት ላይ አንድ ሽማግሌ አርፈው ሲቀበሩ አባቴ ቀድሞ ተኮሰ። አንድ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። ሰው አጨበጨበለት ማለት ይቻላል። ከቀብር መልስ ስምንት ያህል ወንዶች ቤታችን ገቡ፤ አጎቴም ነበር። ጠላ ተቀዳ። እኔ የእጅ ውሃ ይዤ በየተራ አስታጥባለሁ። አባቴ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን እያጠፈና እየዘረጋ ስለ ጠበሉ ይተርካል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ይህችን ልጅ መቼ ነው የምትድራት ብሎ ጠየቀው።

"ማንን? ቀጥቃጯን?" አለ አባቴ። "ለሷ ባል ሳይሆን ወናፍ ነው የሚፈለግላት።"

ሳቁ። ውሃውን እያፈሰስኩለት የነበረው ለአጎቴ ነው። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጥኩና ቀና አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ዛሬ ድረስ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

"የምንሽሩ ምላጭ አምስት ኪሎ ነበር፤ ሁለት ያደረግኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "የእርስዎ ጣት ከሁለት ተኩል በላይ አይስብም። ለክቼዋለሁ። ጠበሉ ምንም አልጨመረልዎትም።"

አጎቴ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ከግድግዳው ላይ ምንሽሩን አወረደ። ጥይቱን አራገፈ፤ አቀባበለ፤ በትንሿ ጣቱ ሳበ። ጠቅ። "እውነቷን ነው" ብሎ ፈገግ አለና ከጎኑ ላለው ሰው አቀበለው። እሱም አቀባብሎ በትንሿ ጣቱ ሳበ። ጠቅ። እንዲህ እያለ ምንሽሩ ቤቱን ዞረ። አንዱ በግራ እጁ ትንሿ ጣት ሳበ። ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ታመመ ሰው እጁን እያንቀጠቀጠ ሳበና የተቀመጡት በሳቅ ወደቁ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። መጨረሻ ላይ አባቴ ዘንድ ሲደርስ አልተቀበለም። ቀኝ እጁን ጋቢው ውስጥ አስገብቶ የጠላውን ጽዋ ያይ ነበር። እናቴ ከጓዳው በር ላይ ቆማ አየችኝ። አልተቆጣችኝም። በአዊኛም በአማርኛም ምንም አላለችኝም፤ ተመልሳ ገባች።

በማግስቱ አባቴ ምንሽሩን ለአጎቴ ላከለት። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ሲሄድ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ይቆማል። ቀጥቃጯ ብሎም አልጠራኝም። በስሜ ነው የሚጠራኝ፤ እንደ እንግዳ ሰው፣ ቀስ ብሎ። ያ ስድቡ የናፈቀኝ ጊዜ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

የመጨረሻውን ፈተና ልፈተን ሳምንት ሲቀረኝ እንጅባራ ደውለው የአባቴን ሞት ነገሩኝ። ስደርስ አስከሬኑ ሊወጣ ነበር። በአባቴ ምንሽር አጎቴ ተኮሰለት። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ከእናቴ ጎን ቆሜያለሁ፤ ሁሉም ሲያለቅስ እኔ የጥይቱ ድምፅ ዳገቱን ዞሮ እስኪመለስ እሰማ ነበር።

ብቻዬን ስሆን የሚመጣብኝ ግን ከዚያ በፊት የነበረው ክረምት ነው። ካፖርቱን መቆለፍ አቅቶት ነበር። እናቴ ቤት በሌለችበት አንድ እሑድ ጠዋት በረንዳው ላይ ቁልፎቹን ሲታገል አየሁት። ሄጄ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። አልከለከለኝም። ከታች ጀመርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ካፖርቱ ጭስ ጭስ ይሸታል፤ ትንፋሹ ግንባሬ ላይ ነው፤ እሱ ከራሴ በላይ ጉሙን ያያል። ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

"አባየ፣ ያን ቀን..." አልኩ።

"ጨርሽው" አለኝ። "በርዶኛል።"

የቀሩትን ሁለቱን ቆለፍኩለት። የአንገቱን ግን ደጋግሜ አስተካከልኩት፤ የተስተካከለ ነበር፣ እጄን ማንሣት አቅቶኝ ነው። እሱም እስካነሣ ድረስ አልተንቀሳቀሰም።